ዝናብ የማትችል ዶሮ በሲያትል፦ የሲልኪ ማስታወሻ

ማርች፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ሲልኪን መጀመሪያ ያየ ሰው ዶሮ መሆኗን ለማመን ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ላባዋ ፀጉር ሆኗል። ጉትያዋ ዓይኗን ሸፍኖታል። እግሯ እስከ ጣቷ ድረስ ለብሷል። የጆሮዋ ሥጋ ሰማያዊ ነው። ያንን ነጭ ፀጉር ገለጥ ሲያደርጉት ደግሞ ቆዳዋ ጥቁር ነው፤ አጥንቷም እንደዚያው። የአገር ቤት ዶሮ አራት ጣት አላት፤ ይቺ አምስት።

ዘሯ ከወደ ቻይና ነው። ማርኮ ፖሎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናን ሲዞር በላባ ፋንታ የድመት ፀጉር ያላቸው ጥቁር ዶሮዎች እንዳሉ ተርኳል። ያኔ የሰሙት አውሮፓውያን ምን እንዳሉት እንጃ፤ እኔ ፎቶዋን ባላይ ኖሮ አላምነውም ነበር። አሜሪካኖቹ በ1874 ባወጡት የዶሮ ዘሮች መመዘኛ ውስጥ አስገብተዋታል። ትንሽ ናት፤ እዚህ አገር ያለችው ዓይነት ሴቷ አንድ ኪሎ አትሞላም። በዓመት 100፣ ቢበዛ 120 እንቁላል ብትጥል ነው፤ እሱም ትንንሽ። ስለዚህ እንቁላል የፈለገ ሰው ሌላ ዘር ይገዛል። ሲልኪን የሚይዛት ስለምታምርና ጠባይዋ ስለሚጥመው ነው። ስትይዛት አትሸሽም። ጭንህ ላይ ካስቀመጥካት ትተኛለች።

ይቺን ዶሮ ላረባ የተነሳሁት እኔ ደግሞ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

የሌላ ዶሮ ላባ ላይ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ጫፋቸው መንጠቆ አለው። እርስ በርስ እንደ ዚፕ ይያያዛሉ፤ ውሃ ሲወርድባቸው ተንሸራቶ ያልፋል። ሲልኪ ላይ መንጠቆዎቹ የሉም። ውሃው በቀጥታ ቆዳዋ ላይ ይደርሳል። ክንፏም አየር ስለማይዝ መብረር አትችልም። የሲያትል ዝናብ ደግሞ በመጠኑ ብዙ አይደለም፤ እንዲያውም አዲስ አበባ በዓመት ከሲያትል የበለጠ ዝናብ ታገኛለች። ግን አዲስ አበባ ክረምቱን ዶፉን ታወርድና መስከረም ሲጠባ ትገላገለዋለች። እዚህ ከኦክቶበር እስከ ማርች ያካፋል። ዣንጥላ የማያስይዝ፣ ግን ካፖርት ውስጥ የሚገባ ካፊያ።

ስለዚህ የዚህ ሥራ ነገር የሚጠቀለለው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ዶሮዎቹ ሳይረጥቡ ዓመቱን እንዲዘልቁ ማድረግ። ሌላው ሁሉ ቀላል ነው፤ ወይም ቀላል ነው ይሉኛል።

የከተማው ሕግ በአንድ ግቢ እስከ 8 ዶሮ ይፈቅዳል። በ2010 ነው ከ3 ወደ 8 ያሳደጉት፤ በዚያው አውራ ዶሮን ከለከሉ። የዶሮ ቤቱ ከጎረቤት መኖሪያ ቤት 10 ጫማ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። ግቢዬን በሜትር ለካሁት። ለሕጉም ለእኔም የሚመች አንድ ጥግ ብቻ ተገኘ። እሱም ከኋላ አጥሩ ሥር፣ የግቢው ዝቅተኛ ቦታ፣ ውሃ የሚተኛበት። ምን ይደረግ።

ማርች፣ አጋማሽ

እንቁላሉን ከከተማ ወጣ ብሎ ሲልኪ ብቻ ከሚያረባ ሰው አመጣሁ። በፖስታ የሚልኩም አሉ። ነገር ግን መንገድ ላይ ሲናወጥ የከረመ እንቁላል ውስጡ ያለው የአየር ኪስ ይላቀቅና ብዙው ሳይፈለፈል ይቀራል። አሥራ ሁለት ናቸው። ክሬም መልክ አላቸው፣ ከሱቅ እንቁላል ያንሳሉ።

ቤት ስገባ እናቴ ወጥ ቤት ነበረች። ሁዳዴ ገብቷል።

«በጾም እንቁላል ተሸክመህ ትገባለህ?»

«የሚበላ አይደለም እማዬ። የሚፈለፈል ነው።»

«ታዲያ የምትታቀፈው ዶሮ የታለች?»

መፈልፈያ ማሽኑን አሳየኋት። ዙሪያውን አየችው። ክዳኑን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «እንግዲህ መብራት እንዳይጠፋ ጸልይ» አለችኝ። አዲስ አበባ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው መብራት አያምንም።

እንቁላሎቹ ሹል ጫፋቸው ወደ ታች ሆኖ አንድ ቀን አረፉ። ከዚያ ገቡ። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ ከ45 እስከ 50 በመቶ። ማገላበጡን ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል። ዶሮዋ ብትታቀፍ ኖሮ በምንቃሯ እየገፋች የምታደርገውን ነው የሚያደርገው።

ማርች፣ ወደ ማለቂያው

ማታ መብራት አጥፍተን እንቁላሎቹን በባትሪ አየን። በጠባብ ቀዳዳ ብርሃኑ ሲገባበት ቅርፊቱ ቀላ ብሎ ይበራል። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፤ ከሱ ቀይ ሥሮች ወደየአቅጣጫው ወጥተዋል። ትንሽ ታግሰው ካዩት ነጥቡ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ብርሃኑ ጥርት ብሎ ያልፋል። አወጣኋቸው።

እናቴ ይሄን ነገር ከኔ በፊት ታውቀዋለች። ልጅ ሆና ገጠር እንቁላሉን በጣቶቿ ከልላ ፀሐይ ላይ ታየው እንደነበር ነገረችኝ። ባትሪውን ተቀብላኝ የቀሩትን እሷ መረመረቻቸው። «ይሄ አለ። ይሄም አለ። ይሄ ሰነፍ ነው።» ሰነፍ ያለችው በኋላ አልተፈለፈለም።

ኤፕሪል፣ መጀመሪያ

18ኛው ቀን ላይ ማገላበጡ ቆመ፤ እርጥበቱ ወደ 65 እና 70 በመቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ክዳን አይከፈትም። ሲከፈት እርጥበቱ ይወጣና የቅርፊቱ ውስጥ ሽፋን ጫጩቱ ላይ ይደርቅበታል፤ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። 20ኛው ቀን ማታ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። በማግስቱ ማታ ሰባት ጫጩት ነበረን።

እናቴ አንዱን አንስታ የእግሩን ጣቶች ስትቆጥር አየኋት። ሁለቴ ቆጠረች። «በስመ አብ! አምስት!» ከዚያ የሆዱን ፀጉር በትንፋሿ ገለጥ አደረገችውና ቆዳውን አየች። ዝም አለች። ጥቁር ዶሮ አገር ቤት የምን ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። እሷም በእንደዚህ ያለ ነገር አትቀልድም።

ነገሩን አስረዳኋት። 20ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ክፍል ተባዝቶ ተቀምጧል፤ ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ያለ ልክ እንዲበዙና ቆዳና አጥንት ውስጥ ድረስ እንዲገቡ የሚያደርገው እሱ ነው። አያም ቼማኒ የምትባለው የኢንዶኔዥያ ዶሮም ያው ነገር አላት፤ እሷማ ላባዋም ጥቁር ነው። እናቴ ሰማችኝ። «እንግዲህ እግዜር ሲፈጥራት እንዲህ ካደረጋት» ብላ ጫጩቱን መለሰችው።

በዚያው ዕለት ክትባት ሰጠኋቸው። አገር ቤት የዶሮ በሽታ ሲባል ፈንግል ነው የምናውቀው። ሲልኪን የሚያሰጋት ማሬክ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው በ1907 በሽታውን ከገለጸው ሃንጋሪያዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። ከሄርፒስ ወገን የሆነ ቫይረስ ነው፤ ነርቭ ይይዛል፣ እግር ያሽመደምዳል፣ ዕጢ ያበቅላል። ሲልኪ ለዚህ በሽታ ደካማ ከሚባሉት ዘሮች አንዷ ናት። ክትባቱ በመጀመሪያው ቀን ማጅራታቸው ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋል። የሚያናድደው ብልቃጡ ነው፤ ለ1,000 ጫጩት የሚሆን መድኃኒት ይዟል። ከተበጠበጠ በኋላ አይቆይም፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ማለቅ አለበት። ለሰባት ጫጩት በጠበጥኩት፣ የቀረውን ደፋሁት።

ኤፕሪል፣ አጋማሽ

ጫጩቶቹ ሳሎን ጥግ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ከሥር ወፍራም ሳጋቱራ፣ ከላይ ማሞቂያ። የመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ለቁጥሩ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ እነሱ ይናገራሉ። ማሞቂያው ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ጥግ ጥጉን ከያዙ ሞቋቸዋል።

የውሃ ሳህናቸው ውስጥ ጠጠር ደርድሬበታለሁ። ማንኛውም ጫጩት ሳህን ውስጥ ሊሰጥም ይችላል፤ የሲልኪ ጫጩት ግን ሆዱ ከረጠበ ቶሎ ይበርደዋል። በጠጠሮቹ መሃል ምንቃሩ ብቻ ነው የሚገባው።

ሜይ፣ ፋሲካ

ቤታችን እንግዳ ሞላ። ካርቶኑን ያላየ የለም።

«ለፋሲካ ሳይደርሱልህ ቀሩ እንጂ!» አሉ አንድ ጋሼ የምላቸው የቤተሰብ ወዳጅ።

«እነዚህማ አሥራ ሁለት ብልት አይወጣቸውም ጋሼ።»

«ጥቁር ብልት ነው የሚወጣቸው አሉ። ማን ይበላዋል!»

የሚበላውስ ሞልቷል። ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ከደቡብ ቻይና ናት፣ ዕድሜዋ ከእናቴ ይቀራረባል። ጫጩቶቹን ስታይ ፊቷ በራ። በእነሱ አገር ይቺ ዶሮ በዝንጅብልና ቀይ ቴምር በሚሉት ፍሬ ተቀቅላ ሾርባዋ ለአራስ ይሰጣል። እዚህም እስያ ሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከነጥቁር ቆዳዋ ትገኛለች። ይሄን ለእናቴ ስተረጉምላት «ለአራስ?» አለች። አራስ የሚጠየቅበት ምግብ መሆኑ ሲገባት ነገሩ ሁሉ ቀለላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጥቁር ቆዳ አንስታ አታውቅም። ሁለቱ ሴቶች አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ ሳያውቁ አጥር ላይ ቆመው ስለ አራስ ማውራት ጀምረዋል፤ በምን እንደሚግባቡ አልገባኝም።

ሜይ፣ ቤት ሥራ

ይሄኛው ዋናው ነው፤ ረዘም ላድርገው።

መጀመሪያ መሬቱ። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ስለሆነ በአካፋ ወደ አጥሩ የሚያወርድ ቦይ አወጣሁለት። ከዚያ ጠጠር፣ በላዩ ላይ አሸዋ። አሸዋው ከአካባቢው መሬት ከፍ እንዲል ዙሪያውን በእንጨት ሳንቃ ያዝኩት። አሸዋ ሳር አይመስልም፣ አያምርም። ግን ውሃ ያሳልፋል፣ ፀጉራም እግር ላይ እንደ ጭቃ አይጋገርም፤ ኩሱም በወንፊት ተለቅሞ ይወጣል።

ማዕቀፉ ከሞራሌ ነው። ማደሪያው ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብሏል። ሌላ ዶሮ ቢሆን ዘላ ትገባለች፤ ለእነዚህ ሰፊ መወጣጫ ጣውላ ሠራሁ፣ እንዳያንሸራትታቸው ቀጫጭን እንጨት መታሁበት።

ጣሪያው ላይ አልቆጠብኩም። ማደሪያው ቆርቆሮ ነው፤ መዋያው በሙሉ ደግሞ ብርሃን በሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ተከድኗል። ብዙ ሰው መዋያውን በሽቦ ብቻ ይሸፍነዋል። ለሲልኪ እሱ ጣሪያ የለም ማለት ነው። እዚህ የክረምቱ ማዕበል የሚመጣው ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ስለሆነ በዚያ በኩል ክፈፉን ክንድ ያህል አስረዘምኩት። ከታች አሸንዳ ገጠምኩና ውሃውን ወደ በርሜል መራሁት። ጣሪያው ሌላም ጥቅም አለው። በ2022 የወፍ ጉንፋን ዋሽንግተን ግዛት የጓሮ ዶሮዎች ውስጥ ከገባ ወዲህ የዱር ዳክዬና ዝይ ኩስ መዋያ ውስጥ እንዳይወድቅ ማድረግ ግድ ሆኗል።

ሽቦው። የዶሮ ሽቦ የሚባለው ባለ ትልቅ ዓይኑ ዶሮን ውስጥ ለመያዝ ነው፤ የሚመጣውን አውሬ አይመልስም። የዚህ ከተማ አውሬ ራኩን ነው። እጅ አለው፣ ጣት አለው። ሽቦውን ይቀድደዋል፣ በዓይኑ በኩል እጁን አስገብቶ የተኛች ዶሮ ይጎትታል። ስለዚህ ዓይኑ ግማሽ ኢንች የሆነውን ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ገዛሁ፤ ዋጋው እንጨቱን ሁሉ አንድ ላይ ያህላል። በየቦታው በብሎንና በዋሸር ተያዘ። ከታች ወደ ውጭ ታጥፎ አፈር ለብሷል፤ ቆፍሮ ለሚመጣ። መቀርቀሪያውም ተራ አይሆንም። ራኩን ተራ መቀርቀሪያ ይከፍታል፤ ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚይዙት ዓይነት ማያያዣ ጨመርኩበት።

አየር ማስወጫውን ከላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ አደረግኩ። ሰው ብርድ ይገባል ብሎ ሁሉን ይደፍናል። የዶሮ ትንፋሽና ኩስ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ይተናል፤ መውጫ ካጣ ጠዋት ግድግዳው ያልበዋል። ከላይ ጣሪያ ሠርቶ ከውስጥ ማርጠብ ምን ይባላል?

ቆጥም ሠራሁላቸው፣ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ። አንዳቸውም አልወጡበትም። መሬት ላይ ጥግ ይዘው፣ ተደራርበው ነው የሚተኙት። ቆጡ አሁን የባልዲ መስቀያ ሆኗል።

ጁን

ውጭ ከወጡ ሰነበቱ። ዛሬ በር ስከፍት ነጯ ሾልካ ወጣች። ወዲያው ዝናቡ መጣ። ሌላ ዶሮ ቢሆን ወደ ቤቷ ትሮጥ ነበር። እሷ ቁጥቋጦ ሥር ገብታ ቆመች። ሳወጣት ያ ሁሉ ፀጉር የለም። ቆዳዋ ላይ ተለጥፎ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ጉልበታም እግር ያላት ሌላ ወፍ ሆናለች። ጉትያዋ ተኝቶ ዓይኖቿ ወጥተዋል። ይንቀጠቀጣል ሰውነቷ።

እናቴ ፎጣ ይዛ መጣች። በፎጣው አድርቀናት ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛው ሙቀት ያዝንባት። መጀመሪያ ፈራች። ሙቀቱ ሲደርሳት ክንፏን ዘርግታ ተኛችለት። ከላይ ከላዩ መድረቁ አያታልል፤ የውስጡ ለስላሳ ፀጉር ቆዳው ላይ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በጣት እየከፈልን፣ ብብቷን ጨምሮ፣ እስኪነፋ ድረስ ነፋነው። ረጅም ሥራ ነው። እናቴ መጨረሻ ላይ «ዶሮ ካስክ ትገባለች ብለው ማን ያምናል» አለች።

ጁላይ

ጥቁሯን ቄብ ጠዋት አንገቷ ተጠማዝዞ አገኘኋት። ራሷ ተገልብጦ አናቷ አሸዋውን ይነካል። ልትራመድ ስትሞክር ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። ማሬክ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ማሬክ ግን አብዛኛውን ጊዜ እግር ይይዛል፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ይቀራል። የደወልኩላት የእንስሳት ሐኪምም የአንገት መጠምዘዝ ነው አለችኝ።

ሲልኪ ላይ ይሄ የሚበዛበት ምክንያት አለ። ጉትያው ሥር ያለው የራስ ቅል ወደ ላይ ጎላ ብሎ የወጣ ነው፤ አጥንቱ እዚያ ላይ በሙሉ አይገጥምም። ሌላ ዶሮ የማትሰማው የምንቃር ኩርኩም ለእሷ አንጎል ላይ ነው። የቫይታሚን ኢ እጥረትም ያመጣዋል።

ሕክምናው ትዕግሥት ነው። ለብቻዋ ትንሽ ሳጥን፣ ዙሪያውን የተጠቀለለ ፎጣ እንዳትንከባለል። የሰው ቫይታሚን ኢ ፍሬ በመርፌ ወግቼ ዘይቱን በምንቃሯ ጎን ጠብ አደርጋለሁ። ከፊት ከሰጧት ወደ አየር ቧንቧ ይገባል፤ ከጎን ጠብ ሲል ራሷ ትልሰዋለች። ቫይታሚኑ እንዲሠራ ሴሌኒየም ያስፈልገዋል፤ ለዚያ የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሬ አበላታለሁ። ብቻዋን መብላት ስለማትችል ራሷን በመዳፌ ደግፌ ነው። እናቴ እኔ ሥራ ስሄድ ተረኛ ናት። «ልጆቼን እንኳ እንዲህ አላጎረስኩም» ትላለች፤ ግን ሰዓቷን አታዛንፍም።

ጁላይ ሲያልቅ

ቀና አለች። ስትደነግጥ አንገቷ ትንሽ ዘመም ይላል እንጂ ትበላለች፣ ትጭራለች። ከሌሎቹ ጋር ለመመለስ መጀመሪያ በሽቦ ተለይታ እንዲያይዋት አደረግሁ። በአንዴ ብትገባ በምንቃራቸው ይኮረኩሟታል፤ የሚኮረኩሙት ደግሞ ያንኑ ራሷን ነው።

ኦገስት

«ኩኩሉ!»

ሲልኪ ወንድና ሴቷ ቶሎ አይለይም። ለወራት ሴት ነው ያልከው ወንድ ይሆናል። ጉትያው ክብ ከሆነ ሴት፣ ወደ ኋላ የተዘረጉ ረጃጅም ፀጉሮች ካሉት ወንድ ነው ይባላል። እኔ ሁለቱን ጠርጥሬ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንደኛው ራሱ ተናገረ፤ ድምፁ ገና ያልበሰለ፣ መሃሉ ላይ የሚሰበር። ሁለተኛው በሳምንቱ ተከተለው።

እናቴ በደስታ መስኮት ከፈተች። «እሰይ! ይሄው ሌሊቱ ሲነጋ የሚነግረን መጣ።» ስንት ዓመት ነው ዶሮ ሲጮህ ሳትሰማ የነቃችው። ከተማው አውራ ዶሮ ይከለክላል ስላት አላመነችኝም። «ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የማይከለክል ከተማ ዶሮ ይከለክላል?» መልስ የለኝም። እንቁላሉን የሸጠኝ ሰው ወንዶቹን መልሶ እንደሚወስድ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ሲልኪ ስትገዙ ይሄን መጠየቅ አትርሱ። ወስዶልኛል። አምስት ሴቶች ቀሩ።

ኦክቶበር

ዝናቡ ገባ። ጣሪያው አንድ ጠብታ አላፈሰሰም፤ ዶሮዎቹ ግን ረጠቡ። ሆዳቸውና እግራቸው ብቻ።

ቁጭ ብዬ አየሁት። ከክፈፉ ውጭ የሚወርደው ውሃ መሬት ነክቶ ይነጥራል። ያ ብናኝ በወንፊት ሽቦው አልፎ እስከ ስንዝር ተኩል ከፍታ ድረስ ውስጥ ይገባል። ሲልኪ ቁመቷ ልክ እዚያ ላይ ነው። ረጅም ዶሮ ቢሆን እግሯ ብቻ ነው የሚነካው። ዙሪያውን ከሥር ሳንቃ መታሁ፤ ከውጭ ውሃው በሚወድቅበት መስመር ላይ ትልልቅ ጠጠር አፈሰስኩ። ጠጠሩ ጠብታውን ይበትነዋል። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ናቸው።

በዚያው የጉትያቸውን ፀጉር ዓይናቸው ፊት ፊት ያለውን በመቀስ ቆረጥኩ። ለውድድር የሚያቀርቧት ሰዎች ይሄን አያደርጉም፤ በላስቲክ ያስሩታል። እኔ የምታይ ዶሮ ነው የምፈልገው። የማታይ ዶሮ ትደነግጣለች፣ ትጋጫለች፣ ጭልፊትም ሲመጣ አታውቅም። ቅንቅንም ፈተሽኩ፤ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ስላለ ቆዳው ድረስ ከፍሎ ማየት ነው። የሚታጠቡበት ደረቅ አፈር ያለበት ገንዳ ጣሪያው ሥር ስላለ ይመስለኛል ንጹሕ ናቸው።

ዲሴምበር

የሚጻፍ የለም። ፀሐይ በቀን ለስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ታይታ ትጠፋለች። ዶሮ በሙሉ አቅሟ እንቁላል ለመጣል 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች፤ አገር ቤት ቀንና ሌሊቱ ብዙም ስለማይበላለጥ ይሄን ማንም አያስበው። መብራት አልጨመርኩላቸውም። ውሃው የቀዘቀዘበት ሌሊት ነበር፣ ማሞቂያም አላስገባሁም። ሳጋቱራ ያለበት የእንጨት ቤት ውስጥ የማሞቂያ አምፖል እሳት ነው። ከደረቁ ብርዱን ይችሉታል።

ፌብሩዋሪ

የመጀመሪያው እንቁላል! ትንሽ፣ ክሬም መልክ፣ ደም ነካ ያለበት። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ውስጡ ጥቁር ነው?» ነው። አይደለም። ነጩ ነጭ ነው፣ አስኳሉ ቢጫ። እናቴ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት እንዲደርስ በዶሮዎቹ ላይ ትጮህ ነበር፤ ደረሰላት። በቃሪያ ጠበሰችው። ለሦስት ሰው ተካፈልነው፣ አንድ አንድ ጉርሻ።

ማርች

ያቺ አንገቷ ተጠማዝዞ የነበረው ልትታቀፍ ሆነች። ለካ ሲልኪ የታወቀችው በዚህ ነው። ጎጆዋ ውስጥ ተነጥፋ አትነሳም፤ እጅ ሲገባ ፀጉሯን ነፍታ ታጉረመርማለች። ከሥሯ እንቁላል የለም። ባዶ ሳጋቱራ ታቅፋለች።

እናቴ መላ አላት። «በቀዝቃዛ ውሃ ነከር አድርጋት፣ ትተወዋለች። ካልሆነም ላባ በአፍንጫዋ ማስገባት ነው።» ገጠር የሚደረገው ይሄ ነው፤ ለአገር ቤት ዶሮ ይሠራል። እኔ ዓመት ሙሉ ከውሃ የጠበቅኳትን ዶሮ ባልዲ ውስጥ አልነክርም። ማስተዉ ካስፈለገ ወለሉ ሽቦ የሆነ ሳጥን ውስጥ ከሥር አየር እየገባባት ጥቂት ቀን ማቆየት ነው።

ግን ማስተዉም አላስፈለገም። ወንዶቹን የወሰደልኝ ሰው ዳክዬም አለው፤ እንቁላላቸውን ታቀፍልኛለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሲልኪ የማንንም እንቁላል ትታቀፋለች፤ የድርጭትም የዳክዬም ያስታቅፏታል። የዳክዬ 28 ቀን ስለሆነ ከለመደችው ሳምንት ይጨምርባታል፤ በየቀኑ አንስቼ ማብላትና ማጠጣት የኔ ነው። የሚያሳስበኝ የሚፈለፈሉት ናቸው። የዳክዬ ጫጩት ውሃ ሲያይ ይገባበታል፣ ይረጨዋል፣ እርጥብ ሆኖ እናቱ ክንፍ ሥር ይገባል። እናትየው ደግሞ እሷ ናት።

ውሃቸውን በሰፊ ትሪ ላይ፣ ከሥሩ ወንፊት ሽቦ ተዘርግቶበት አስቀምጣለሁ፤ የፈሰሰው ከታች ይወርዳል። ሳህኑ ምንቃራቸውን የሚያስጠልቅ፣ ሰውነታቸውን የማያስገባ ይሆናል። ሽቦው ካለፈው ዓመት ተርፎኛል። እኔ አምስት ዶሮ አለኝ፣ የከተማው ሕግ ስምንት ነው። ሦስት እንቁላል ብቻ አምጣ ብዬዋለሁ።